የወስፋት ዕንቁላል ስንት ማይክሮን ነው?

ሃክኒ፣ ለንደን
ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእትዬ አዲስዓለም፣ ከሚሴ ጤና ጣቢያ፤

እትዬ አዲሴ፣ የዘንድሮው መስቀል በደህና ዋለልሽ ወይ? የአክስቴስ ጉልበት ተሻለው? እኔን ከጠየቅሽ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ ደስታዬ ግን ከጤናዬም በልጧልና ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታውና ወሬዬን ልጀምር፣ አለዚያ መፈንዳቴ ነው።

ከመጥረጊያው ወጣሁ! አዎ፣ እኔው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሒሳብ የወደቅኩት የአክስትሽ ልጅ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ኮሌጅ ፎቅ ለፎቅ ስወለውል ኖሬ ባለፈው ሰኞ ነጭ ጋውን አለበሱኝ። ምን እንደምሠራ ስነግርሽ እንዳትስቂ። የወስፋት ዕንቁላል እለካለሁ።

ሳቅሽ አይደል? ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ የዶክተር ሂልዳን ክፍል ስጠርግ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ካሜራ ገጥመው፣ ካሜራውን ከኮምፒውተር አያይዘው፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ነገር ተጎልቶ አየሁ፤ ዙሪያውን ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ። «ይኼማ ወስፋት ነው!» አልኩ ሳላስበው፣ በአማርኛ። ዶክተሯ ዞር ብላ «ምን አልሽ?» አለችኝ። «አስካሪስ» አልኳት። መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ! አንቺ ደሴ ሆስፒታል ሥራ የጀመርሽ ዓመት መስኮቱ አጠገብ አቁመሽ አንድ ዓይኔን አስጨፍነሽ ያሳየሽኝ አይደል? ስሙንም ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ። እሷም «ትለካልኝ የነበረችው ልጅ ለቃብኛለች፤ ለምን አፕላይ አታደርጊም?» አለችኝ። ፎርም ሞላሁ፣ ኢንተርቪው አደረጉኝ፣ ይኸው።

ሥራው ግን ለሙከራ ነው። በእኛ መጋቢት 22 ኮሚቴ ተቀምጦ ይወስናል። ከወደዱኝ ቋሚ ነኝ። ካልወደዱኝ የጽዳቱንም ቦታ ሌላ ሰው ስለያዘው ሜዳ ላይ ነኝ ማለት ነው። በአርባ አራት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?

እስቲ አንቺ ባለሙያዋ ንገሪኝ፤ ከመለካቴ በፊት ማይክሮስኮፑን በማስመሪያ ካሊብሬት ማድረግ፣ ልኩን ማመሳከር አለብሽ ብለውኛል። ምኑን ልጠንቀቅ? ለዶክተሯ ጥያቄ ማብዛት አፍራለሁ።

አክስቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

በደስታ ያበደችው እህትሽ፣
እህተማርያም


ከሚሴ
ኅዳር 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእህተማርያም፤

ብርዱ ሳይበረታብሽ ይህ ደብዳቤ ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም አለን። እንኳን ደስ ያለሽ። እማዬ ለመጣው ለሄደው «የእህቴ ልጅ ለንደን ላይ ዶክተር ሆነች» እያለች ነው። ዶክተር አይደለችም ብላት «አንቺ ደግሞ! ምን አቃጠለሽ?» አለችኝ።

እኔ በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት ሞላኝ። ማይክሮስኮፔ ያው የድሮው ነው። መብራት ሲጠፋ ከሥሩ ያለውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞራለሁ፤ ደመና ከሆነ ሕመምተኛው በነጋታው ይመጣል። መለኪያ የሚባል ነገር ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ አልነካሁም። መጠኑን በዓይኔ ነው የማውቀው።

ስለ ጠየቅሽኝ ግን ልንገርሽ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሌንስ የራሱ ልክ አለው። ሌንስ በቀየርሽ ቁጥር ማስመሪያዋን እንደገና ዘርጊ፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላውን ልክ አርባ እጥፍ ለሚያጎላው ካዋልሽው አራት እጥፍ ትሳሳቻለሽ። ሁለተኛ፣ ማስመሪያዋ ላይ በሁለት መስመር መሐል ያለችውን አንዷን ክፍል ብቻ አትለኪ። አሥር ክፍል አንድ ላይ ለክተሽ ለአሥር አካፍይ፤ ስህተትሽም አብሮ ይካፈላል። ሦስተኛ፣ መስመሩ ራሱ ውፍረት አለው። ከአንዱ መስመር ግራ ጠርዝ ከጀመርሽ የምትጨርሺውም በግራ ጠርዝ ይሁን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኛን ያስተማሩን ሰውዬ በዚህ ጉዳይ ጆሮ ይቆነጥጡ ነበር።

ካላስቸገርኩሽ ለስላይድ መሸፈኛ የሚሆን ስስ መስታወት አንድ ሁለት ፓኬት ላኪልኝ። ያለኝን እያጠብኩ ነው የምጠቀመው።

አዲስዓለም


ሃክኒ
ታኅሣሥ 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

የኔ መምህርት እትዬ አዲሴ፤

ከእናንተ ዘንድ ፀሐዩ እንዴት ነው? እዚህ ቀኑ ከማጠሩ የተነሳ ጨለማ ገብቼ ጨለማ እወጣለሁ፤ ግን ምን ተዳዬ! ስሙ ብቻ ነው ጨለማ፣ እኔ ውስጤ በርቷል።

መስታወቱን ሦስት ፓኬት ልኬልሻለሁ። ፎቶዬንም ጨምሬበታለሁ፤ ጋውኔን ለብሼ፣ ከኋላዬ ኮምፒውተሩ፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ የቢልሃርዝያ ዕንቁላል፣ ያቺ በጎኗ እሾህ ያላት። ቆንጆ ወጥተናል፣ ሁለታችንም።

እንዴት እንደምሠራ ላጫውትሽ። ጠዋት ገብቼ መጀመሪያ የማነሳው የመስታወት ማስመሪያዬን ነው። ጣት የምታህል ስላይድ ናት፤ መሐሏ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መቶ ቦታ ተሸንሽኗል፣ በዓይን ብታዪው አቧራ ነው የሚመስልሽ። እሷን በአሥሩ ሌንስ ፎቶ አነሳታለሁ። ከዚያ በማውሱ ከመስመር እስከ መስመር ስጎትት ኮምፒውተሩ ስንት ነጥብ እንደሆነ ይነግረኛል። ሥዕሉ እንዳለ ከነጥብ የተሠራ ነው፤ ጥልፍ በይው። መቶ ማይክሮን፣ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ማለት ነው፣ በአሥሩ ሌንስ ሰማንያ ነጥብ ነው፣ በአርባው ሦስት መቶ ሃያ። ጠዋት በአሥሩ የቢልሃርዝያውን፣ ከምሳ በኋላ በአርባው የወስፋቱን እለካለሁ። ማስመሪያዋን በየትኛው ሌንስ በስንት ሰዓት እንደዘረጋሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የዕንቁላሎቹ ፎቶ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ሰዓት ያትምበታል።

እኔ የምቆጥረው ነጥብ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ዲስኩና የደብተሩ ኮፒ ሌላ ከተማ ላለ ሚስተር ፕራት ለሚባል ሰው ይላካል፤ መልኩን አላውቀውም። እሱ የደብተሬን ሰዓት ከፎቶው ሰዓት ጋር አስተያይቶ የትኛው ፎቶ በየትኛው ልክ እንደሚባዛ ይለይና ነጥቡን ወደ ማይክሮን ይለውጠዋል።

ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ። አሥር ክፍል አንድ ላይ፣ ከግራ ጠርዝ እስከ ግራ ጠርዝ። ዶክተር ሂልዳ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና «ይህን ማን አስተማረሽ? ተማሪዎቼ እንኳ አያውቁትም» አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ «እንዲህ ቢሆን ይሻላል ብዬ አሰብኩ» አልኳት። እንዴት እንዳየችኝ ብታዪ! ቢሮ ሄዳ ለሰው ሁሉ አወራች።

ታዲያ ያልተደሰተ አልጠፋም። ኂሩት፣ አብራኝ ስትጠርግ የነበረችው፣ «ወይ ዘመን! ለወስፋትም ወግ ደረሰው፣ ልኬቱን ያስወስድ ጀመር» ብላ ሰው አሳቀችብኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አውቶቡስ ላይ ቦታ ትይዝልኝ ነበር፤ አሁን ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰው ወዳጁ ሲያልፍለት ለምን ይቃጠላል እትዬ? አንቺ እንዲህ ያለውን ነገር አታውቂውም።

ለገና በደስታ ያድርስሽ። ፎቶውን እዚያ ላቦራቶሪሽ ግድግዳ ላይ ስቀይው፣ እሺ?

እህትሽ


ከሚሴ
ጥር 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህተማርያም፤

በዓሉ በሰላም አልፏል። እማዬ ደህና ናት።

ዕቃው ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶውን እኔ ሳላየው በፊት ፖስታውን ያመጣው ዐብዱ ለጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ አዙሮታል። ካርድ ክፍል ሦስት ቀን ከርሟል። ኃላፊያችን አቶ መኩሪያ ዐይቶት ዐይቶት «ማናት የተማረችው? አንቺ ነሽ አላሉም?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «ታዲያ እሷ እዚያ አንቺ እዚህ እንዴት ሆነ?» አለ። ነገሩን በክፋት አይደለም ያለው።

«እንዲህ ቢሆን ይሻላል ብዬ አሰብኩ» አልሽ። ጥሩ አስበሻል።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ ፎቶ አትላኪ። መሸፈኛ መስታወቱም ይቅር፣ የላክሽው ይበቃኛል።

ሥራ በዝቶብኛል። ወረርሽኝ ገብቶ የሰገራ ምርመራ ብቻ በቀን ስድሳ ሰባ ይደርሳል። አንቺ ስንቱን ትለኪያለሽ በቀን?

አዲስዓለም


ሃክኒ
ጥር 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

እትዬ አዲሴ፣ ሰላምታውን በልብሽ ሙይልኝ።

ጉድ ሆኛለሁ። ሚስተር ፕራት የሁለት ወር ሥራዬን እንዳለ መለሰው። የቢልሃርዝያው ዕንቁላል በሙሉ ሠላሳ አምስት ማይክሮን ሆኖ ወጣ! መቶ አርባ አካባቢ መሆን የነበረበት። የወስፋቱ ደግሞ ግማሹ ስድሳ፣ እሱ ደህና፤ ግማሹ ሁለት መቶ አርባ! ሁለት መቶ አርባ ማይክሮን የሆነ የወስፋት ዕንቁላል ምን ዓይነት ወስፋት ነው የሚወልደው? የቤት እባብ?

ነጥቦቹን ሁሉ እንደገና ቆጠርኩ። አንድም አልሳትኩ። ማስመሪያዋን በሁለቱም ሌንስ በየቀኑ ዘርግቻለሁ፣ በእናቴ ዐጽም! ዶክተር ሂልዳ አትቆጣም፤ እንግሊዝ ናት። «መዝገብ አያያዝሽ ትንሽ ትኩረት ሳይፈልግ አይቀርም» ብላ ሻይዋን ጠጣች። ምን ማለት ነው? ቁጣ ነው? ምክር ነው? አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ እስካሁን ንግግራቸው አይገባኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የት ጋ እንደተሳሳትኩ አውቅ ነበር።

እኔ ካንቺ በቀር የምጠይቀው ባለሙያ የለኝም። የደብተሬን አንድ ገጽ ኮፒ፣ የዚያኑ ቀን የፎቶዎቹን ዝርዝር ኮምፒውተሩ ሰዓታቸውን እንዳተመው፣ የፕራትንም ሠንጠረዥ እዚሁ ውስጥ ከትቻለሁ። ተመልከቺልኝ። መጋቢት 22 ሩቅ አይደለም። ከዚህ ከወጣሁ የቤቱ ኪራይም፣ ሁሉም ነገር… ተይው፣ እሱን አሁን አላወራም።

ተመልክተሽ ቶሎ ጻፊልኝ እናቴ። ቶሎ።

እህተማርያም


ከሚሴ
የካቲት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህተማርያም፤

ወረቀቶቹ ደርሰውኛል።

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። እማዬ በጉልበቷ ምክንያት ዘንድሮ ስግደቱን እንድትተው ንስሐ አባቷ ቢነግሯት ተቆጥታ ሳምንት አኮረፈቻቸው። ቦርከና ወንዝ ሞልቶ የነበረው ጎድሏል። ቀኑ ሞቃት ነው። እድላዊት፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ነርስነት ተመደበች፤ ጎንደር ትሄዳለች።

በሥራሽ አትጨነቂ። ሰው ሲማር ይሳሳታል።

ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አዲስዓለም


ሃክኒ
መጋቢት 1 ቀን 1990 ዓ.ም.

እትዬ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ገልብጬ አየሁት፣ ፖስታውንም ቀድጄ ውስጡን አየሁት፣ ሌላ ወረቀት ይኖራል ብዬ። የለም።

አልተቀየምኩም። አንቺ ዐይተሽ ካልታየሽ ስህተቱ ከእኔ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። የእትዬ አዲሴ ዓይን ያላገኘውን ማንም አያገኘውም።

እኔ ደግሞ ባሰብኝ። «መዝገብ አያያዝሽ» ያለችኝ ለካ የእጅ ጽሑፌን ነው ብዬ ደብተሩን በሙሉ ባማረ ጽሑፍ፣ በአዲስ ደብተር፣ ሳምንት ፈጅቼ ገለበጥኩት። በቀይ አሰመርኩት። ወስጄ ስሰጣት ፊቷ ተለወጠ። «እነዚህን ቁጥሮች መቼ ነው የጻፍሻቸው?» አለችኝ። «ባለፈው ሳምንት» አልኳት፣ እውነቱን። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም፤ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ቁጥሩን ከራሷ ፈጥራ ጻፈች እየተባለ ነው። ፈጠረች! እኔ ያቺን ማስመሪያ ከታቦት አሳንሼ ይዣት አላውቅም።

ኂሩት ሰምታ ቤት ድረስ መጣች። «ኤድመንተን ሰፈር መጋዘን ሰው ይፈልጋሉ፣ ላናግርልሽ?» አለችኝ። አዝና ነው። ሳትደሰትብኝ ስታዝንልኝ የባሰ አመመኝ።

መልስ አትቸገሪ። ቢላክም እስከዚያ አይደርስም።

እህተማርያም


ከሚሴ
ቅዳሜ፣ መጋቢት 19 ቀን 1990 ዓ.ም.

እህቴ፤

ዛሬ ጠዋት ቴሌ ሄጄ ሦስት ደቂቃ አስመዘገብኩ። አንዱን ደቂቃ አንቺ «አክስቴ ሞተች ወይ?» እያልሽ ጨረስሽው፣ ሁለተኛውን እኔ «ሰዓቱ! ሰዓቱ ነው!» ስል ጨረስኩት፣ ሦስተኛው ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ገብቶሽ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ስለዚህ ሲደርስ ይድረስ፣ በጽሑፍ ልንገርሽ።

ደብተርሽ ላይ «3፡00፣ የአሥሩ ሌንስ ማስመሪያ»፣ «7፡00፣ የአርባው» ብለሽ ጽፈሻል። ለእኔ ሦስት ሰዓት ጠዋት ነው፣ ሰባት ሰዓት ከምሳ በኋላ። ኮምፒውተሩ ግን ጠዋት ያነሳሽውን ፎቶ 9 እያለ ነው ያተመው። ሰውየው የእኛን ሰዓት ከየት ያውቃል? ሦስት ሲል ከቀትር በኋላ መሰለው፣ ሰባት ሲል ከመሸ። ስለዚህ በፈረንጅ ከቀትር በኋላ ከሦስት በፊት ያለውን ፎቶ ሁሉ በዋዜማው ማታ ተዘረጋ ባለው በአርባው ልክ አባዛው፤ ቢልሃርዝያሽ አራት እጅ አነሰ። ከሦስት በኋላ ያለውን በአሥሩ አባዛው፤ ወስፋትሽ አራት እጅ ገዘፈ። በፈረንጅ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት መሐል ያነሳሻቸው የወስፋት ፎቶዎች በአጋጣሚ ትክክል ሆኑ። አንቺ ምንም አልሳትሽም። ልኬትሽ ጥርት ያለ ነው።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝን ልጻፍ። ይህን ዛሬ አይደለም ያወቅኩት። ወረቀትሽ የደረሰ ቀን፣ በር ላይ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ ነው ያየሁት። አራት እጥፍ ሲባል አሥርና አርባ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ሰዓቱን አየሁ፣ አለቀ።

ሳየው ደስ አለኝ። ይኼ ነው የሚያሳፍረኝ። አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከሥራዋ ትወርዳለች፣ ያኔ ፎቶሽን ያዩት ሁሉ፣ አቶ መኩሪያና እናቴ ሳይቀሩ፣ የተማረችው ማን እንደሆነች ያያሉ አልኩ። ወረቀቶቹን የቁም ሳጥኔ ታች ከተትኳቸው። እጽፋለሁ እጽፋለሁ እያልኩ ስለ ቦርከና ወንዝ ጻፍኩልሽ።

ቀናሁብሽ እህቴ። ሃያ ዓመት ያን ማይክሮስኮፕ ወደ ፀሐይ ሳዞር ኖሬ፣ አንቺ በአንድ ማለዳ ካሜራ ሥር ተቀመጥሽ። እሱንስ እችለው ነበር። ከግራ ጠርዝ እስከ ግራ ጠርዝ ያልኩሽን «አሰብኩት» ማለትሽ ነው ያንገበገበኝ። የእኔ የሆነ ነገር ለንደን ገብቶ ነበር፤ ስሜን ግን ደጅ አስቀረሽው።

ትናንት ደብዳቤሽ መጣ። ደብተርሽን ገልብጠሽ ፈጠረች መባልሽን ሳነብ ራሴን አመመኝ። እኔ በመዝገብ የኖርኩ ሰው ነኝ። በትክክል የለካን ሰው ዋሸ ሲሉት አውቆ ዝም ማለት ከቅናትም የከፋ ነገር ነው፤ ስም የለውም። «የእትዬ አዲሴ ዓይን ያላገኘውን» ስትዪ ደግሞ ደብዳቤውን ማንበብ አልቻልኩም፣ አጠፍኩት።

ይቅር በዪኝ አልልም። ይቅር ከማለትሽ በፊት ተናደጂብኝ፤ ይገባኛል።

አዲስዓለም


ሃክኒ
ሚያዝያ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለአዲስዓለም፤

ክርስቶስ ተነሥቷል፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። አክስቴን ከፋሲካው ዶሮ አንድ ብልት በእኔ ስም አጉርሻት።

ተናደጂ ባልሽው መሠረት ተናድጃለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆሜ «አንቺ ክፉ!» ስል ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበችው። ከአንድ ወር በላይ ይዘሽው! እንቅልፍ አጥቼ ሁዳዴን ያለ ሌላ ምግብ በሻይ ስገፋው! ሰባት ጊዜ ተነስቼ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ የነበረው ስድብ አሁንም ጉሮሮዬ ላይ አለ። ለወግ ያህል ይቅር ብያለሁ ልልሽ አልፈልግም፤ ስገናኝሽ መጀመሪያ እቆነጥጥሻለሁ፣ ከዚያ ይቅር እልሻለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ስልኩ ሲቋረጥ የገባኝ «ሰዓቱ» የምትለዋ ብቻ ናት። የምን ሰዓት እያልኩ እጄን አየሁ። የእጄን ሰዓት እንደ አገራችን ነው የምሞላው፣ ከመጣሁ ጀምሮ። አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። የግድግዳዬ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠን ማሞቂያ ላይ ያለው፣ ሰባት ተኩል ይላል። ጮህኩ! ቀኑን ከኮምፒውተሩ እገለብጣለሁ፣ ሰዓቱን ግን ከእጄ። አሥራ ሁለት ዓመት በአፌ «ናይን» እያልኩ እጄ ሦስት ይጽፋል፤ ሳነበውም ሦስት ሰዓት ጠዋት ሆኖ ነው የሚታየኝ። ለዚህ ነው ስንቴ ዐይቼው ያላየሁት።

ሰኞ ሳትጋብዘኝ ዶክተር ሂልዳ ክፍል ገባሁ። ሰዓቴን ፈትቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። «ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው» አልኳት። ሰዓቴን አየች፣ የግድግዳውን አየች፣ ደብተሬን ገለጠች፣ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «ስድስት ሰዓት» አለች። እንደገና «ስድስት ሰዓት!» ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ወዲያው ለፕራት ደወለች፤ እሱም ሁሉም ላይ ስድስት ደምሮ ሲያባዛው ቢልሃርዝያው መቶ አርባ፣ ወስፋቱ ስድሳ፣ አንድ ሳይቀር ተሰለፈ። ማክሰኞ ኮሚቴው ቋሚ አደረገኝ።

«እንዴት አገኘሽው?» አለችኝ ዶክተሯ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፣ አልዋሽሽም፤ «አሰብኩት» ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ። ዋጥኩት። «እኔ አይደለሁም። ከሚሴ የምትባል ከተማ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ በፖስታ ወረቀቱን ዐይታ። የማስመሪያውንም ነገር ያስተማረችኝ እሷ ናት። አስካሪስንም» አልኳት። ሁሉንም ዘረገፍኩት።

መጥፎ አደረግኩ መሰለኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን የሚያይልኝ የለም። «ያቺ የአክስትሽ ልጅ በቀን ስንት ታያለች? ሰባ? በፀሐይ? ሳትለካ በዓይኗ?» ትላለች ዶክተሯ፤ በምሳ ሰዓት ለሰዎች ታወራለች፤ ስምሽን ለመጥራት ከእኔ ጋር ተለማምዳለች፣ «አዲሳላም» ትልሻለች። እኔ ቋሚ ከሆንኩ ወር አልሞላኝም፣ አሁን ደግሞ የአንቺ ፖስተኛ ሆኛለሁ። ያውም የምትቃጠል ፖስተኛ።

እውነት ስለተነጋገርን ልንገርሽ። ሚያዝያ 4 ቀን ዶክተሯ በኮሌጁ ወረቀት ደብዳቤ ጽፋ፣ «አድራሻዋን አንቺ ታውቂያለሽና ላኪልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ እልካለሁ አልኩ። ፋሲካውን ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ አደረ። በየማለዳው ቀይ የፖስታ ሳጥን አለ መንገዴ ላይ፤ አጠገቡ ስደርስ ወሬ የምመለከት መስዬ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ዶክተሯ «መልስ አልመጣም?» ስትለኝ «የአገራችን ፖስታ ቀርፋፋ ነው» አልኳት። የአገሬን ፖስታ ያለ ኃጢአቱ ሰደብኩት።

አሥራ ስድስት ቀን ያዝኩት። ካንቺ ያነሰ ነው፣ ግን አልተሻልኩም።

ይኸው አሁን ከዚህ ጋር አብሮ አለ። አልከፈትኩትም፣ የምትለውን ግን ነግራኛለች። ለሦስት ወር መጥተሽ ሥልጠና እንድትወስጂ፣ ስላይዶችሽንም ይዘሽ እንድትመጪ፣ የአውሮፕላኑን ወጪ ኮሌጁ እንደሚችል፣ ለኤምባሲውም ወረቀት እንደምትጽፍልሽ ነው። ለአቶ መኩሪያ አሳይው። አክስቴ «ልጄ ዶክተር ሆነች» ብትል ደግሞ ዝም በያት፣ አታርሚያት።

የምታርፊው እኔ ጋ ነው፣ ሶፋው ይዘረጋል። አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ የሚሠራው ደስ ሲለው ነው። ብርድ ልብስ አታምጪ፣ አለኝ።

ግን ከአሁኑ እንተዋወቅ፤ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የእኔ ነው። አንቺ ማዶ ትቀመጫለሽ።

ቶሎ ነይ።

የምትቀናብሽ እህትሽ፣
እህተማርያም